እሳቱ የታፈነ ቀን

ቂመኛ ነኝ። ሊያስታርቀኝ የሚመጣ ሁሉ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይለኛል። እኔም ጸሎቱን ከተውኩት ቆየሁ ብዬ እመልሳለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። ሰውዬው ሱሉልታ ላይ የሸክላ ሥራ ድርጅት አለው፤ እናቴንና እኔን ቀጥሮ ያሠራን ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የሚገባው ስም ሌላ ነው፤ እሱንም አልጽፈውም።

እናቴ ከሰበታ ወጣ ብላ ካለች መንደር የተወለደች ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም፣ የእናቷም እናት ጭቃ ሲያቦኩ የኖሩ ናቸው። ሸክላ ሠሪ መሆን በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፦ ድስቱን ከእጇ ይገዛሉ፣ በድስቷ ወጥ ይሠራሉ፣ ልጅ ሲታመም ግን «ቡዳ በላው» ብለው ወደ እሷ ቤት ይመለከታሉ። ዓይኗ ሰው ይበላል ይባላል። እናቴ ይህን ከጡት ጋር የጠጣችው ስለሆነ ከማንም ጋር አትከራከርም ነበር። አንድ ልማድ ብቻ ነበራት፤ ሰው ሲበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሠርግ ቤትም፣ ልቅሶ ቤትም፣ ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓትም። በኋላ አንዱ ሆዱን ቢቆርጠው «አይታኝ ነው» እንዳይላት። ልጅ ሆኜ ዓይን አፋር ትመስለኝ ነበር። ጥንቃቄ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሌላው ጥንቃቄዋ ከእሳት ጋር ነበር። ሸክላዋን የምትጠብሰው ሜዳ ላይ ነው። ጭራሮና ኩበት ታለብሰዋለች፣ ትለኩሰዋለች፣ ከዚያ ጥቁር እንዲሆን የተፈለገ እንደሆነ እሳቱ ሲግም በገለባና በእበት ታፍነዋለች። የታፈነው እሳት ሸክላውን ያጠቁረዋል። በዚህን ጊዜ የምትቀመጠው ነፋሱ ከጀርባዋ በሚመጣበት በኩል ብቻ ነው። እኔ ረስቼ በወዲያኛው በኩል ከተቀመጥኩ በያዘችው ጭራሮ ትሸነቁጠኛለች። «እሳት ሲታፈን ሰው ይፈልጋል» ትለኝ ነበር። ለምን ብትባል እናቷ እንደዚያ ብላታለች፤ በቃ።

ሰውዬው ሲቀጥረን ደስ ብሎን ነበር። ውጭ አገር ሁለት ወር ሠልጥኖ የመጣ፣ በየቃሉ መካከል «ሳይንስ» የሚል፣ ለሎጆችና ለአዳዲሶቹ ቪላዎች የአበባ ማስቀመጫና ጥቁር ጀበና የሚያቀርብ ሰው ነው። ከጡብ የተሠራ ትልቅ ምድጃ ነበረው። ምድጃው መጀመሪያ ጥላ ብቻ ያለው ክፍት ቦታ ላይ ነበር። ጎረቤቶቹ ጭሱ ልብሳችንን አበላሸው ብለው ሲነጫነጩበት ዙሪያውን በቆርቆሮ ገጠመው፣ በቆርቆሮውም ላይ ባለ ሁለት ተከፋች የብረት በር አቆመበት። ጭስ ማውጫውንም አሳጠረው። ጭሱ ለሰፈሩ እንዳይታይ፣ ምድጃው በሚታፈንበት ቀን በሩ ተዘግቶ እንዲውል አዘዘ። የሱሉልታ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ በሩ ሲዘጋ እኛም ሙቀቱን ወደድነው።

እናቴ ብቻ አልወደደችውም። «ጋሼ፣ ይሄ የሜዳ ሥራ ነው። እሳት በቤት አይታፈንም» አለችው፤ ከእሷ ቢያንስም ጋሼ ነበር የምትለው። ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው» አላት፤ ትከሻዋንም መታ መታ አደረጋት። ያን ሳቅ አስቀምጬዋለሁ። እናቴም ከዚያ በኋላ አልደገመችም። በበሩና በቆርቆሮው መካከል አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ነበረች፤ በርጩማዋን እዚያ ወስዳ ጀርባዋን ለክፍተቷ ሰጥታ መሥራት ጀመረች። እኔንም አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ እኔ ግን ለሌሎቹ ጭቃ ስለማመላልስ ብዙ አልቀመጥም ነበር። ሌሎቹ ስምንት ሴቶች ወደ ምድጃው ተጠግተው ነበር የሚሠሩት፤ ይሞቃላ።

ከሁሉ ተጠግታ የምትቀመጠው ከወላይታ የመጣች፣ በጴንጤ ቸርች የምትዘምር ሴት ነበረች። ዘማሪዋ እንላታለን። እጇ ጀበናውን ሲያለሰልስ አፏ መዝሙር አያቆምም። የሦስት ሰዓት የአውቶቡስ ጉዞ የሚሞላ መዝሙር በቃሏ ታውቃለች። እናቴን ትወዳታለች፤ እናቴም ውኃ ስትቀዳ መጀመሪያ የምትሰጠው ለእሷ ነው።

እሳት በሚታፈንበት ቀን ከእናቴ በቀር ሁላችንንም ራሳችንን ያመናል። ያቅለሸልሸናል። ጉልበታችን ይከዳናል። ማታ ቤታችን ስንገባ ይተወናል። አንዷ ጉንፋን ነው ትላለች፣ አንዷ ቁርስ ሳልበላ መጥቼ ነው ትላለች፣ አንዷም እርጉዝ ሳልሆን አልቀርም ብላ ሁለት ሳምንት ስትጨነቅ ሰነበተች። ከሰል የገባበት ቤት ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ወሬ በየክረምቱ እንሰማ ነበር። ግን ያ የመኝታ ቤት ከሰል ነው። የእኛው የጡብ ምድጃ ነው፣ የሠለጠነ ሰው የሠራው፣ ጭሱም ያን ያህል አይደለም። ማን አገናኘው?

ሐምሌ ነበር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። ዘማሪዋ መዝሙሯን መሀል ላይ አቋረጠች። ቀና ስል ጀበናው ከእጇ ወድቆ ተሰብሯል፣ እሷም በጎኗ ተደፍታለች። ተንጫጫን። ሰውዬው ከቢሮው ሮጦ መጣ። በሩን ከፍተው የሚያወጧት መስሎኝ ነበር። ከኋላው የገባው ዘበኛ ግን ዝናቡ እንዳይገባ በሩን መልሶ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ አያትና «ይቺን ሰው በልቷታል» አለ።

ዘበኛው ጤና አዳምና ምን እንደሆነ የማላውቀውን ደረቅ ነገር ከኪሱ አውጥቶ ፍም ላይ ጣለው። ጋቢ አለበሷትና ያጥኗት ጀመር። በተዘጋ ቤት፣ በታፈነ እሳት አጠገብ፣ በጋቢ ውስጥ፣ ሌላ ጭስ! ቡዳ የበላውን ሰው እንደዚያ አጥነው ነው የሚያስለፈልፉት፤ የበላውን ሰው ስም እስኪናገር። ያስለፈለፋት ዘበኛው ቢሆን ኖሮ እንኳን እተወው ነበር። ሳይንስ፣ ሳይንስ ሲል የኖረው ሰውዬ ነው ጎንበስ ብሎ «ማን በላሽ? ተናገሪ! ማን በላሽ?» ያላት። እሷ ዓይኗ ተገልብጧል፣ አንገቷም አይቆምላትም። ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። ሁሉም ሴቶች ግንባራቸውን ይዘዋል፣ አንዷ ያስመልሳታል። ከክፍተቷ አጠገብ እናቴ ብቻ ደህና ሆና ቆማለች።

«እሷን ብቻ ለምን አላመማትም?» አለ። ቀጥሎም ወደ ዘማሪዋ ጎንበስ ብሎ «እማማ ናት? አሮጊቷ ናት ያየችሽ?» አላት። ዘማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። የማይቆም አንገት ወደታች ወደላይ ሲል መነቅነቅ ነው የሚመስለው። ለእነሱ በቃቸው።

ያዳናት ከእኛው ጋር የምትሠራ የቸርች ጓደኛዋ ናት። «በኢየሱስ ስም ይሄ የጥንቆላ ጭስ አይነካትም!» ብላ ጮኸችና በሩን በርግዳ እየጎተተች ዝናብ ላይ አወጣቻት። ጭቃው ላይ አስተኝታ ጸለየችላት። ትንሽ ቆይቶ ዘማሪዋ ዓይኗን ገለጠች። ጓደኛዋ ጸሎቱ ነው አለች፣ ዘበኛው ማጠኑ ነው አለ። ሁለቱም ግን ከእናቴ ላይ የወጣ ነገር መሆኑን ተስማሙ። ንጹሕ አየር ነው ያለ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ጠራኝ። «እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። ሴቶቹ ፈርተዋል» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም። እናቴ የማለስለሻ ድንጋይዋን በመቀነቷ ቋጥራ ወጣች። ወደ ቡራዩ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ «ውኃውን ስሰጣት አይቻት ይሆን እንዴ?» አለችኝ። እናቴ፣ ስልሳ ዓመት ይህን ነገር በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ውስጧ ሳታስገባ የኖረች ሴት፣ የዚያን ቀን አስገባችው። ይህን ነው ይቅር የማልለው። ከሥራ ማባረሩን አይደለም።

በሦስተኛው ቀን የእኔ ራስ ምታት አልለቅ ሲል ቡራዩ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየችኝ ጤና መኮንን ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ልጅ ናት። «ሥራ ቦታ ሌላ የሚያመው ሰው አለ?» አለችኝ። ከእናቴ በቀር ሁላችንንም፣ አልኳት። «ሁልጊዜ?» የለም፣ እሳት ስናፍን ነው። «በሩ?» ይዘጋል። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሳት አየር ሲያጥረው የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ እንደሚያወጣ፣ ጋዙም ደማችን ውስጥ የአየርን ቦታ እንደሚይዝ፣ ሰውም ሳያውቀው እንደሚደክምና እንደሚሞት ነገረችኝ። ጭስ ማነሱ ምንም አይጠቅምም አለች። ሰው ሲወድቅ ወደ ውጭ አውጥቶ ሐኪም ቤት መውሰድ እንጂ ሌላ መድኃኒት እንደሌለው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሜዳ ላይ ወይም ግራና ቀኙ ክፍት በሆነ ጥላ ሥር ብቻ እንደሚሠራ ጨመረች። እናቴ በክፍተቷ አጠገብ መቀመጧን ስነግራት «በጣም ትክክል ነበሩ» አለችኝ። ወረቀት ላይ ጻፊልኝ አልኳት። ጻፈችልኝ።

ያን ወረቀት ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። ዘበኛው አላስገባም አለኝ። ወረቀቱን ስጥልኝ ብዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ደግሜ ሄድኩ፤ «ሰጥቸዋለሁ፣ አትምጪ ብሏል» አለኝ።

ለእናቴም አስረዳኋት። ጋዙን፣ ደሙን፣ ክፍተቷን። «እሺ ልጄ» አለችኝ። ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እኔ ልጇ ስበላም ፊቷን ማዞር ጀመረች። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሰው ሆነን፣ ሳህኗን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞራ ትበላለች። «እማዬ፣ ዙሪ» እላታለሁ። «ተይኝ፣ እንዲህ ይሻለኛል» ትለኛለች። በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ያችን ጀርባ እያየሁ ሁለት ዓመት በላሁ። ማንም ቂምሽን ተይ ሲለኝ ትዝ የሚለኝ ያ ጀርባ ነው።

ሥራውን አልተውኩም። ቡራዩ ውስጥ ከዘመድ ግቢ ጀርባ ግድግዳ የሌለው ጥላ አቁሜ እዚያ እጠብሳለሁ። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጡ ጎረቤቴ፣ የጋዙን ነገር ሳወራ ሰምተው፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ነጭ ጠቋሚ አመጡልኝ። ያ ጋዝ ሲኖር ትጮኻለች። እኔ ጥላ ሥር ጮኻ አታውቅም። ሥራ ፈት ናት እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሰውዬው ደጄ ላይ ቆመ። ብቻውን አልነበረም። በሰፈራችን የታወቁ ሽማግሌ አስቀድሟል። ሽማግሌው «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ምን ይዘው እንደመጡ ጠረጠርኩ። ሰውዬው ከስቷል። ሠራተኞቹ ራሳችንን አመመን እያሉ እየጣሉት ይሄዳሉ። እሱም ያመዋል። በቀደም ደግሞ ልታየው የመጣችው የገዛ ልጁ ምድጃው አጠገብ ወደቀች፤ በስንት መከራ ተረፈች። አንገቱን ደፍቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እናትሽ አዝናብኝ ነው የሞተችው። ርግማኗ ቤቴ ገብቷል። አንቺ ልጇ ነሽ፣ ፍቺልኝ» አለኝ።

ወረቀቱንስ፣ አልኩት። አላነበብኩትም አለ።

እውነቱን ልናገር። «እሺ፣ ፈትቼዋለሁ፤ በሩን ግን ጥሩ አድርጋችሁ ዝጉ» የምትል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ሌላ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም ነበር። ቃሏን ያስዋጠኝ ርኅራኄ አይደለም። እዚያ ግቢ ምንም ያላደረጉኝ ሴቶች ይሠራሉ። ደግሞም ሰውዬው ከሞተ አይናገርም፤ እኔ ደግሞ እንዲናገር እፈልጋለሁ። «እሳት በምታፍኑበት ቀን እመጣለሁ፤ ሽማግሌውም፣ ሠራተኞቹም ይኑሩ» አልኩት። ከልቡ አመሰገነኝ።

በቀጠሮው ቀን ዘማሪዋንም ይዣት ሄድኩ። አሁን ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ከዚያ ቀን ወዲህ መዝሙር መሀል ላይ ቃሉ ይጠፋባታል፤ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፣ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ሠራተኞቹን ሁሉ ወደ ውጭ አስወጣሁ። ለሽማግሌው ከክፍተቷ ውጭ በኩል ወንበር አስቀመጥኩላቸው። ሰውዬውን ዘማሪዋ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ አስቀመጥኩት። እኔ በእናቴ ቦታ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ምድጃው ታፍኗል። በሩን ዘጋሁ፣ መቀርቀሪያውንም ያዝኩ። እሱ ጸሎት የምጀምር መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።

ጥቂት ደቂቃ አለፈ። እጁ ወደ ግንባሩ ሄደች። «መጣብኝ» አለ። «ያው ነው፣ ያው ነገር መጣ።» በዚህን ጊዜ ከአጠገቡ ባስቀመጥኩት ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ሥራ ፈቷ ጠቋሚ ጮኸች። እንዲህ እንደምትጮኽ እኔም አላውቅም ነበር። ሰውዬው ደንግጦ ብድግ አለ፣ ተንገዳግዶ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ክፈቺው» አለኝ።

«ማን በላዎት?» አልኩት።

«ክፈቺው እባክሽ!»

«ይለፍልፉ እንጂ ጋሼ። ያን ቀን እርስዎ ጠይቀው የለ? ማን በላዎት? እሷንስ ማን በላት?»

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ። ይህን ስጽፍ አላፈርኩም። ላፍር ይገባኛል የሚል ካለ እናቱ ለሁለት ዓመት ጀርባዋን ሰጥታው በልታ ትሙትና ይምጣ። ሰውዬው ምድጃውን አየ፣ በሩን አየ፣ የምትጮኸውን ቦርሳ አየ። ከዚያ፣ «እኔ ነኝ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ድምፅዎ አልተሰማም። እናቴስ?»

«እናትሽ ምንም አላደረገችም!» ብሎ ጮኸ። ቆርቆሮው አስተጋባው፤ ውጭ ያሉት በሙሉ ሰሙት። ያኔ ከፈትኩ።

ሠራተኞቹ ደግፈው አወጡትና ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ሽማግሌው ጠቋሚዋን ከእጄ ተቀበሉኝ። ውጭ አየር ላይ ቆየችና ዝም አለች። ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ምድጃው ቢያስጠጓት ጮኸች። መልሰው አወጧት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ፤ ከዚያ «ዋቀዮ!» ብለው አምላካቸውን ጠርተው አናታቸውን ያዙ። ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠርተው አሳዩአቸው። «ይህ በር ዛሬውኑ ይነቀል፣ ቆርቆሮውም በሁለቱም በኩል ይነሳ» ሲሉ ሰውዬው እሺ አለ። ሲነቀልም ቆሜ አየሁ። ዘማሪዋ እንባዋን እየጠረገች «ምን እንደጠየቁኝ እንኳ አልሰማሁም ነበር» ትለኛለች። አውቃለሁ አልኳት።

ታረቁ ተባልን። የታረቀ ሰው ከአንድ ማዕድ ይበላልና ሚስቱ ምሳ አቀረበች። እጃችንን ታጠብን። ሽማግሌው መርቀው ቆረሱ፣ ዘማሪዋም ቆረሰች፣ እኔን ፊት ለፊት እያየች በደንብ ጎረሰች። ሰውዬው እንጀራውን ጠቅልሎ ወደ አፉ አነሳ። በዚህ ሰዓት እናቴ ብትሆን ኖሮ ወደ ግድግዳው ትዞር ነበር። እኔ አልዞርኩም። ዓይኔን እጁ ላይ አሳረፍኩ፣ ከእጁ ጋር ወደ አፉ ወሰድኩት፣ እዚያው ተከልኩት።

ጉርሻው ከንፈሩ ላይ ቆመ። እኔ ነኝ ብሎ ጮኾ ነበር፣ ጠቋሚዋን በጆሮው ሰምቶ ነበር፣ በሩ ሲነቀልም አይቶ ነበር። ግን ግንባሩን አላበው። ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠና ሽማግሌውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ በመጨረሻ ቀስ ብሎ ከነወንበሩ ወደ ግድግዳው መዞር ጀመረ።

«ይብሉ እንጂ ጋሼ» አልኩት። «እያየሁዎት ነው።»